የጋሼ ጠርጥር ዋስ

ትክክለኛ ስሙን ደመወዝ ከፋያችን እንኳ ረስታዋለች፤ ቢሮው ሁሉ ጋሼ ጠርጥር ነው የሚለው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የተባለው ለእሱ ይመስለኛል። ከጎኔ ተቀምጦ የጉምሩክ ሰነድ ሲያዘጋጅ፣ ፈቃዱ ያለው አለቃችን ደግሞ ሲፈርምበት፣ ጠጉሩ ሸበተ። ጨርቅ ነው የተባለ ካርቶን ከመጣ የታችኛውን ሳያስከፍት አያምንም። ሻይ ስጋብዘው እንኳ መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን። ያበሽቀኛል። ግን እሱ ያየው ሰነድ ስህተት ተገኝቶበት ተመልሶ አያውቅም።

ዘንድሮ በራሱ ስም የጉምሩክ አስተላላፊ ልሁን ብሎ ተነሣ። ድርጅታችን ሊዘጋ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? ዲፕሎማው አለ፣ የሥራ ልምዱ ሞልቶ ተርፏል፣ ከወንጀል ነጻ ነው፣ ፈተናውንም አልፏል። የቀረው ዋስ ነበር፤ ቢያጠፋ አብሮት የሚጠየቅ፣ ንብረት ያለው ሰው።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ዕድሜ ልኩን ለማንም ዋስ ሆኖ የማያውቅ ሰው ዋስ ከየት ያምጣ? የሚስቱ ታናሽ ወንድም እንኳ ሹፌር ሆኖ ሊቀጠር ሲል ዋስ ሁነኝ ቢለው፣ አይሆንም ብሎ ሥራው አምልጦታል። ጓደኞቹን ሲጠይቅ አንዱ መንገድ ልሄድ ነው አለው፣ ሌላው ሚስቴን ላማክር። ሲጨንቀው ሚስቱ ያንኑ ወንድሟን ጠየቀችለት። ዛሬ የራሱ ጎማ ቤት አለው። ወዲያው እሺ አለ።

ይህ እሺታ ነው ጋሼ ጠርጥርን እንቅልፍ የነሣው። ቂሙን ሊወጣብኝ ነው አለኝ። ደግሞ መለስ ብሎ፣ ነገ ኮንትሮባንድ አሳልፍልኝ ሊለኝ ቢሆንስ? በጎማ ቤቱ አካባቢ ያሉትን ባለሱቆች ሁሉ ሄዶ ስለ ሰውየው አጠያየቀ። አንድም ክፉ የሚናገር አጣ፣ ይህም ጥርጣሬውን አባሰው።

ቀኑ ሲደርስ ሰነዱን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። ፈቃድ ሰጪዋ የዋስትናውን ግዴታ አነበበችላቸው። አማቹ የእጁን ግራሶ በሱሪው ጠርጎ እስክሪብቶ አነሣ። ይሄኔ ጋሼ ጠርጥር እጁን ያዘው። እኔ በእሱ ቦታ አፈርኩ።

«ቆይ እስቲ። ምን ፈልገህ ነው?»

አማቹ አልተቆጣም።

«ያኔ እምቢ ስትለኝ፣ ጋሼ፣ አንተ ሰው ታውቃለህና አንድ ነገር አይተህብኝ ነው ብዬ ነበር። ስንት ዓመት ራሴን ስጠረጥር ኖርኩ። ሰው አደራ በሰጠኝ ቁጥር፣ ምን ይሆን ያየብኝ እላለሁ። ይሄ ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም፣ አንተም ላይ።»

እጁን ቀስ አድርጎ አላቀቀና ፈረመ። ማኅተሙ ተመታ። ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ቶሎ ወጣ።

ጋሼ ጠርጥር ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ያኔ ምን አይቶበት እንደነበር ጠየቅሁት።

«ምንም» አለኝ። «ምንም አላየሁበትም።»