ቅስና የተቀበልኩበት ዓመት

እርጥብ ባና፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ልብሳችን፣ እሳት ዳር ሲሰጣ የሚሸተውን ሽታ የመንዝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበግ ጠጉርና ጭስ ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ዛሬ ማለዳ የነሐሴ ብርድ ጉልበቴን እየነዘነዘው ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስገባ፣ ልጆቹ ዲያቆናት ዝናብ የመታውን ባናቸውን በቤተልሔሙ፣ የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚጋገርበት ምድጃ ዳር አስጥተውት አገኘሁ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ምን ነካቸው፣ የጌታ ኅብስት የሚጋገርበት እሳት የልብስ ማድረቂያ ነው እንዴ! ግን ሽታው ቀደመኝና ቁጣዬን ረስቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹም አባ ታመሙ ብለው ተንጫጩ።

አልታመምኩም። የሃያ ዓመት ዲያቆን ሆኜ፣ ከመንደራችን በላይ ባለው ምንጭ ዳር የበግ ጠጉር የምታጥብ ልጅ አጠገብ ቆሜ ነበር እንጂ።

አስካለ ትባላለች። ቤታቸው ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። ገና በልጅነቷ ሩቅ አገር ድረዋት፣ ዓመት ሳትሞላ በእግሯ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ናት፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለችዋን ፈት ይሏታል፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። ጠጉሩን አጥባ፣ ነድፋ፣ ፈትላ ለሸማኔ ስለምትሰጥ ልብሷም እጇም ሁልጊዜ ያን ሽታ ይሸት ነበር። ስታሾፍ ደግሞ ምሕረት የላትም። በድምፄ ትንሽ እኮራ ነበርና፣ በቅዳሴው መካከል ሕዝቡን "ለጸሎት ተንሥኡ" ብዬ ሳስነሣ ጉሮሮዬን አልቆጥብም፤ በማግስቱ ምንጩ ዳር ስታገኘኝ "አንተ ዲያቆን፣ ትናንት እኮ በመቃብር ያሉትም የተነሡ መስሎኝ ደነገጥኩ!" ብላ ድፍት እስክትል ትስቃለች።

ወደድኳት። ዲያቆን ግን የሚያገባው ድንግል ብቻ ነው፣ ያውም በቁርባን፤ ፈት ካገባ መቅደስ መግባቱ ያከትማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህን ከፊደል ጋር የተማርኩት ነገር ነው። ድቁናዬን ልተውላት ቆርጬ ነበር። ደብራችን ሚካኤል ሌላ ዲያቆን አያጣም፣ እኔም አርሼ እበላለሁ፣ ገብሱ ከደረሰ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ለራሴ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ እሷም ባልነግራትም ታውቅ ነበር።

ገብሱ ሳይደርስ ከሁለቱ ቀሳውስታችን ታላቁ አረፉ። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ አይቀደስም። የቀሩን ቄስ መምህሬ የኔታ ገብረ ሕይወት ብቻ ነበሩ፤ ፊደሉንም፣ ዳዊቱንም፣ ቅዳሴውንም በአለንጋና በፍቅር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከወንዝ ማዶ ካለው ደብር ቄስ እየተዋስን ጥቂት ሰነበትን፤ በኋላ እዚያም አንድ ቄስ ጎደለና፣ የቀሩት ለራሳቸው ቅዳሴ ብቻ ስለሚበቁ እንደማይልኩልን ነገሩን።

በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት፣ ሰው እንደ ልማዱ ጾሙን ነጭ ለብሶ መጣ። የኔታ ኪዳን አድርሰው ወደ ሕዝቡ ወጡና "ልጆቼ፣ ዛሬ ቅዳሴ የለም፤ ታጉሏል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ" አሉ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ከሴቶቹ መካከል አንዲት አራስ ነበረች፤ ልጇ ወንድ ነው፣ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሊነሣ ያንለት ነው የመጣው። ያለ ቅዳሴ እንዴት ተጠምቆ ይቁረብ? ወዲያና ወዲህ አየችና፣ ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እህል ባልቀመሰ አንጀቷ ወደ ማዶው ደብር ቁልቁለቱን ወረደች። ጉሙ ከዓይናችን ከሰወራት በኋላ እንኳ የልጁ ለቅሶ ይሰማን ነበር። እግዚአብሔር ጠራን የሚሉ ሰዎች ድምፅ ሰማን ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የሰማሁት የዚያን ሕፃን ለቅሶ ነው፤ እውነቱን ልናገርና፣ ምነው ባልሰማሁት ብዬ ነበር።

የኔታ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ከሦስታችን ዲያቆናት ለቅስና የደረስኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የአስካለንም ነገር ሰምተው ይመስለኛል። ተቀበል አላሉኝም። እጄን ይዘው ሴትዮዋ ወደወረደችበት ቁልቁለት ያዩ ነበር።

በማግስቱ ወደ ምንጩ ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስተክዝ እሷው ጀመረችው፤ ጠጉሩን ከውሃው እያወጣች ትጨምቃለች፣ እኔን አታይም።

"ትሄዳለህ አይደል?" አለችኝ።

ልተወው እችላለሁ አልኳት። አንቺ እሺ ካልሽ ዛሬውኑ እተወዋለሁ፣ ሌላ ቄስ እግዚአብሔር ያዘጋጅላቸው አልኳት። ያኔ ቀና አለች።

"ትተኸው ልታገባኝ? ልጅ ብንወልድስ ማን ያጠምቅልናል? እኔም እንደዚያች ሴትዮ በጉም ውስጥ ተሸክሜው ልዙር?" አለችና ሳቅ ሞከራት፤ ሳቁ ግን አልመጣም። "ሂድ በቃ። እኔን ብለህ ሕዝቡን ውጭ ብታስቀርብኝ፣ በየትኛው ፊቴ ደጀ ሰላም እቆማለሁ?"

ጠጉሩን በቅርጫቷ ሞልታ ሄደች። ተከትያት ልሮጥ እግሬ ተነሥቶ ነበር፤ አልሮጥኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው በጥድፊያ አለፈ። ቄስ ከመሆን በፊት ማግባት ግድ ነውና ሽማግሌዎቹ ከዘመሮ ማዶ ዘነበች የምትባል የደግ ሰው ልጅ አገኙልኝ። የእኔ አገር ሽማግሌ በግ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ዳስሶ፣ ውሎ ነው የሚገዛ፤ ለእኔ ሚስት ሲያጩ ግን ጠላው ሳያልቅ ተስማሙ። በተክሊል አገባን፣ አብረን ቆረብን፤ ፊቷን በቅጡ ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነው። ከዚያ በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲያፏጭ ሚካኤልን እየተማጸንኩ፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ ከጳጳሱ እጅ ቅስና ተቀበልኩ። በተመለስኩበት እሑድ ከየኔታ ጋር ገብተን ቀደስን። ደወሉ ሲደወል እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስካለ ባል አላገባችም። እናቷን ስትጦር፣ ስትፈትል ኖረች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ ትላለች፣ መስቀሌን አወጣለሁ፣ ግንባሯንና ከንፈሯን አሳልማታለሁ፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" እላለሁ፣ ታልፋለች። ሠላሳ ዓመት ያህል በመካከላችን ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረም። አንተ ማለቷንም ተወች፤ እንደ ሌላው ሰው አባ ትለኝ ነበር። ያቺ ሳቋ መቼ እንደቀረች እንኳ ልብ ሳልል ቀረሁ፣ ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ባለፈው ሐምሌ ሞተች። የኔታ ካረፉ ቆይተዋልና የደብሩ ታላቅ ቄስ እኔ ነኝ፤ ፍትሐቱን የምመራው እኔው ነበርኩ። ጎረቤቱ ደረቱን እየመታ አለቀሰላት፤ ባናዋን ለብሰው ያደጉ ልጆች ሁሉ አለቀሱላት። እኔ ካባዬን ደርቤ፣ የዕጣኑን ጽና ይዤ፣ የክርስትና ስሟን ወለተ ጊዮርጊስ እያልኩ እየጠራሁ ጸሎቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረስኩ። ድምፄ ቢሰበር ጸሎቱ ይቆማል፤ ጸሎቱ ከቆመ እሷን ማን ይሸኛታል? አልተሰበረም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንባ ያልወጣው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ማምሻው ቤቴ ስገባ ዘነበች እንደ ልማዷ ውሃ አሙቃ እግሬን ልታጥብ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ተዘግቷል። ከአስካለ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም፤ ስለዚያ ዓመትም እኔ ነግሬያት አላውቅም፣ እሷም አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ደነገጥኩና "ምነው፣ እንዲህ እስክትሆኚ?" አልኳት።

ቀና ሳትል እግሬን እያሸች፣ "እርስዎ እዚያ ቆመው ማልቀስ አይችሉ፤ የእርስዎንም እኔው አልቅሼልዎታለሁ" አለችኝ።