በሕግ አምላክ ሲባል

ሉብና መርሳ ከተማ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ስትቆጣ እንኳ ልጆቹ የማይፈሯት። ሕግ ምን እንደሆነ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው ይላሉ፤ እሷን ምን ሊከብዳት! ልጅ ሳለች ግራና ገበያ ላይ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ሲማዘዙ፣ አንዲት ሚስኪን ሴትዮ «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮህ፣ ዱላቸውን እንዳነሱ ቀጥ ሲሉ በዓይኗ አይታለች።

ይህንኑ ጨዋታ አደረገችው። ሁለት ልጆች የውሸት ይጣላሉ፣ ሦስተኛው «በሕግ አምላክ!» ይላል፣ ክፍሉ ሁሉ ባለበት ድርቅ ይላል። «ዳኛው ሩቅ ቢሆን፣ ፖሊስ ባይኖር እንኳ፣ ይህን የሰማ ሰው ይቆማል» ትላቸዋለች። ተራው የሳሚራ ሲሆን ግን ማንም አይቆምም፤ ልጅቷ ድምፅ የላትማ! «ኧረ ሳሚራ፣ ጉሮሮሽን ማን ወሰደው? ጮክ በይ እንጂ!» እያለች ትቀልድባት ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መርሳም ተያዘች። የታጠቁ ሰዎች የሳሚራን አባት የአብዱልሐሊምን በሬ ሊነዱ መጡ። እሱም «የልጆቼ እንጀራ ነው» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እዚያው ደጁ ላይ፣ ሳሚራ እያየች ገደሉት።

ታጣቂዎቹ ከከተማዋ ወጥተው ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ወንበር የለ፣ መስኮት የለ። ሳሚራ መጥታ የሉብናን ቀሚስ ያዘች።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ብያቸው ነበር።»

«ምን ብለሽ፣ የኔ እናት?»

«በሕግ አምላክ። አልቆሙም።» አቀረቀረች። «ቀስ ብዬ ስላልኩት ነው፣ አይደል?»

ወይኔ ሉብና! «ወላሂ ያንቺ ጥፋት አይደለም! ጥፋቱ የነሱ ነው» አለቻት። ሳሚራ ቀሚሷን ለቃ ወጣች።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይራወጣሉ። ድንገት ጉሮሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት ተሰማ።

«በሕግ አምላክ!»

ልጆቹ ሁሉ፣ እንደተማሩት፣ ባሉበት ቀጥ አሉ፤ የሚሮጠውም፣ ኳስ ሊመታ እግሩን ያነሳውም። ሉብና ሮጣ ስትወጣ ሳሚራ መሀላቸው ቆማለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«አዩ ቲቸር?» አለቻት፣ «ጮክ ሲባል ይቆማሉ።»