የፈላና በር ጉርሻ

በጃንሆይ ጊዜ በአስተማሪነት ያልተዛወርኩበት አገር የለም። ስለዚህ ጥሩ ምግብ ቤት የሚያጠያይቅ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ስለ ደሴም ስለ ጅማም ወዲያው እመልሳለሁ። የሐረሩ ግን ታሪክ አለው።

እዚያ በተመደብኩ በሁለተኛው ቀን ምሳ ፍለጋ ወጣሁ። በፈላና በር በኩል ያየሁት ምግብ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። «ይኼን የሚያህል ከተማ እንዴት ምሳ ያጣል?» እያልኩ ስነጫነጭ፣ አንዲት አሮጊት ከደጃፋቸው ሆነው አዩኝና «ርቦሃል መሰለኝ ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። የእሳቸውም ቤት ምግብ ቤት ነው፤ ዘግተውት ነበር። ለእኔ ብቻ ብለው ምድጃ አቀጣጥለው ፉል በዳቦ አቀረቡልኝ።

ጣት ያስቆረጥማል። ብቻዬን መብላቱ ቢከብደኝ፣ ዳቦውን ፉል አስነክቼ «በሞቴ!» ብዬ ትልቅ ጉርሻ ዘረጋሁላቸው። በእጃቸው ተቀበሉኝ፤ ግን አልጎረሱም። ትንሽ ሳህን ላይ አድርገው ከደኑት። «ኋላ እበላዋለሁ» አሉ። እጄን ተጸየፉት ብዬ አኮረፍኩ። ደህና ዋሉ እንኳ በወጉ ሳልል ወጣሁ፤ ባርኔጣዬንም ረሳሁ።

ማምሻውን ባርኔጣዬን ልወስድ ስመለስ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አሮጊቷ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቴምርና ውሃ ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ረመዳን መሆኑ፣ ከነጾማቸው ያበሰሉልኝ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አፍሬ በሩ ላይ ቆምኩ።

እሳቸው ቴምሩን አልነኩም። ትንሿን ሳህን ከፈቱ፣ «ቢስሚላህ» አሉና የእኔን ጉርሻ ጎረሱ።