ፍትሐት የተደረገለት ጭላዳ

ይኸን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ለእሳቸውስ እንዴት ይነገራል? በእኔ ቅጥፈት ለጭላዳ ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። እናንተ ስሙኝ።

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርሁ። መምህር ይርሳው የሳይንስ አስተማሪ ነው። መሣሪያ የለም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ በጠርሙሱም በሽቦውም ያስተምራል። ገደል ገብቶ የሞተ ጭላዳ አግኝቼ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እኔ! ቀቅሎ፣ አጥንቱን አንድ ባንድ አጥቦ፣ በሽቦ አያይዞ አቆመው። በዚያ ተምረው ሐኪም የሆኑ ልጆች አሉ።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ሊሸልመው ሆነ። ካባ ተገዛለት። በበዓሉ የሚያሰማውን ምስጋና አስቀድሞ ለእኔ አነበበልኝ። ሚስቱን አመሰገነ፣ ተማሪዎቹን አመሰገነ፣ ርእሰ መምህሩን አመሰገነ። እኔን አላነሣኝም። ምክንያቴ ይኸው ነው። ሌላ ብፈልግ አጣሁ።

በማግሥቱ ጠላ ቤት ገብቼ፣ "የሕፃን አጥንት ከመቃብር አውጥቶ አቁሟል አሉ" ብዬ ወሬ ጣልሁ። ቄሱ፣ ያው የንስሐ አባቴ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋራ ሊያዩ ሲመጡ አጥንቱ የቆመበት ክፍል ቁልፍ በእጄ ነበር። ቀድሜ ገብቼ የጭላዳውን ራስና ጅራት ነቀልሁና ሽንት ቤት ጣልሁ።

"ጭላዳ ነው ይለናል ደግሞ! ጅራት የሌለው ጭላዳ የት አገር አይተሃል?" አሉት አንዱ ሽማግሌ። ልጆቹ ራስም ጅራትም ነበረው ቢሉ ማን ሰማቸው? እሱ አስጠንቷቸው ነው ተባለ።

መምህሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ካሴ፣ ይንገሯቸው እንጂ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያመጡልኝ?"

"እኔ የበር ዘበኛ ነኝ፣ መምህር። ስለ አጥንት ምን አውቃለሁ?" አልሁ። ረጋ ብዬ፣ በትሕትና ነው ያልሁት። ለዚያ ነው ያመኑኝ።

ካባው ቀረ። መምህሩን ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ሰደዱት። አጥንቱን በነጭ ሸማ ጠቅልለን፣ ቄሱ ፍትሐት አድርሰውለት፣ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው፤ ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስሁ። ይኸስ ምን ይባላል?

ዘንድሮ አንዲት ሐኪም፣ የዱሮ ተማሪው፣ ቤቴ ድረስ መጣች። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ሊያከብሩት አስበው ኖሯል።

"አባባ፣ ያ የተባለው ነገር እውነት ነበር? የእርስዎ ቃል ይበቃናል" አለችኝ።

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እግዜር ያውቃል፣ ልጄ" አልኋት። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። አንዴ ያጠፋሁትን ሰው ደግሜ አጠፋሁት።

አርጅቷል፣ ረስቶት ነው አትበሉኝ። አልረሳሁም። መምህሩ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ቆላ አለ፤ መኪና ብሳፈር በዕለቱ እደርሳለሁ። ልቡን አውቀዋለሁ፤ እግሩ ላይ ብወድቅ ይቅር ይለኛል። ከዚያ ግን ቄሱ ፊት፣ አገር ፊት ቆመው እውነቱን ይናገሩ ይለኛል። ያንን ፈራሁ። ማለዳ ስነሣ ምን እንደምመኝ ልንገራችሁ? ቀድሞኝ እንዲሞት። ይኸንንም ጨምራችሁ ያዙልኝ።