አንበር በደሴ ብርድ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት

ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ዒዳዋ ሳይወጣ አንበር ሽቶ ቀብቻታለሁ በሚል ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ። አልቀባኋትም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ያስፈረመኝ የሟቹ ወንድም ነው። በደሉ ይኼ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ዒዳ ማለት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቃት አራት ወር ከአሥር ቀን ናት። በዚያ ጊዜ አትታጭም፣ አትዳርም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም። እና አንበር የቀባት ሰው ምን ሊባል እንደሚችል አስቡት። እኔን ብለውኛል።

ሥራዬ የዘይት ሽቶ መሸጥ ነበር። ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ፣ አንዲት የመስታወት ሳጥን ነበረችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እሸጣለሁ። ሚስክ፣ ዑድ፣ ጽጌረዳ፣ አንበር። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አላነብም፤ በአፍንጫዬ ነበር የምለያቸው፤ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ከሁሉም አንበርን እወድ ነበር። መልኩ የተቃጠለ ስኳር ነው፤ ሲፈስ እንደ ማር ይጎተታል። ከባሕር ዓሣ ሆድ ይወጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልምልም። ጽጌረዳ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል፤ አንበር ግን ዝም ብሎ ገብቶ ይቀመጣል። ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚናገር። ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጢስ፣ ትንሽ የሰው ገላ አለበት። ሰው የሚወደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የተቀባው ሰው ሽቶ የተቀባ አይመስልም፣ ደህና ቤት ያደገ ይመስላል።

አንዲት ሴት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «አንተዬ፣ ይኼ ሽቶ ነው ወይስ ማር?» አለችኝ።

«ማር ቢሆንማ ዝንብ ይከተልሽ ነበር» አልኳት። «ይኼ የሚያስከትልብሽ ሰው ነው።»

«ሰውስ ከዝንብ በምን ይሻላል?» ብላ ሁለት ብልቃጥ ገዛችኝ።

መቼ ይቀባል ለሚለኝ እንዲህ እል ነበር። ደሴ ከሆንህ ከጥቅምት እስከ ጥር ቀባ፤ ብርዱ ይይዝልሃል፣ አንዲት ጠብታ ከጆሮህ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ትበቃሃለች። ክረምትም ይሆናል፣ ጭቃውን ያስረሳል። ኮምቦልቻ በቀትር ግን እንዳትነካው፤ ሚኒባስ ውስጥ አንተንም ያስታውክሃል፣ አጠገብህ ያለውንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀባ። ለጁምዓ ጥሩ ነው። ለዒድ ጠዋት ወደር የለውም። በሠርግ ሙሽራው ይቀባ፣ ሚዜው ይተው። ለቅሶ ቤት ተቀብቶ የሚገባ ባለጌ ነው። ፍርድ ቤት ለሚሄድም አልመክርም፤ ዳኛው ሀብታም ትመስለዋለህ።

ሟቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከኮምቦልቻ አሰብ ይመላለሳል። ቤቱ ደሴ ሆጤ ነው። አንበሩን ከአሰብ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር፤ ባመጣ ቁጥርም ድርሻውን ካፖርቱ ላይ ያስቀባኛል። ካፖርቱ ወፍራም ሱፍ ነው፣ ቡናማ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ።

«ወንድምዓለም፣ ቀባኝ» ይለኛል።

«ትናንት ቀብቼህ የለም እንዴ?»

«የትናንቱ ሐረጎ ላይ ቀረ።»

«አንገትህ እያለ ካፖርቱን ምን አስጠጣህ?»

«አንገቴ ይታጠባል። ካፖርቱ መች ይታጠባል? እሱ ላይ ቢቀመጥ አያዋጣም?»

ያስቀናኝ ነበር እሱ። መኪና ነበረው፣ ሳቅ ነበረው፣ ሚስት ነበረችው።

አሰብ ሊዘጋ ሰሞን ያመጣው የመጨረሻው ጠርሙስ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። ከሥሩ የአሮጌ ቆዳ ሽታ አለበት። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ አንበር አላገኘሁም። ግማሹን የእሱ ካፖርት ላይ ጨረስነው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ እሱም ጅቡቲ መመላለስ ጀመረ፣ በ1991 መስከረም ላይ ከቆላ ወባ ይዞ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሬሳው ሲታጠብ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ካፉር ያቀበልኩ እኔ ነኝ።

ሚስቱን ማሰቤን አልክድም። ዒዳዋ ሲወጣ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ደጃፏን አልረገጥኩም። ኃጢአት ከሆነ እሱን ያህል ኃጢአት አለብኝ።

ለካ ሌላም ያሰበ ነበር። የሟቹ ወንድም ኮምቦልቻ ይኖራል፤ ሚስቱን ከፈታ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የወንድሜ ልጆች ከእጄ አይወጡም እያለ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ያለ እናታቸው አይመጡም።

በታኅሣሥ የሟቹን የሥራ ወረቀት ፈርሚ ተብላ ከእናቷ ጋር ኮምቦልቻ ወረደች። ያን ቀን ደሴ ላይ ውርጭ ነበር። ከጥቁር ልብሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደረበች። ይኼን ሁሉ የነገረችኝ እናቷ ናት፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፤ ያኔ ስለ ካፖርቱ የሰማሁት አልነበረም።

ደሴ ላይ ያ ካፖርት ምንም አይሸትም፤ ሱፍና ብርድ አንበርን ያስተኙታል። ኮምቦልቻ በቀትር፣ የሟቹ ወንድም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሳታወልቀው ተቀመጠች።

እሱም አፍንጫውን ነፋ። «ይኼ ምን ሽታ ነው?»

«የምን ሽታ?»

«አንበር!»

«ወላሂ ሽቶ ከነካሁ ሦስት ወር አለፈኝ።»

«ታዲያ የተቀባው ግድግዳው ነው?»

እናትየው «ልጄን ተው፣ አላህን ፍራ» አለችው። እሷም ብትሆን አልሸተታትም። አብሮት የኖረ አፍንጫ አይሰማውም። ሦስት ወር የሞተ ሰው ካፖርት ይሸታል ብሎስ ማን ይጠረጥራል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንበር የሚሸጥ ማን ነው? እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የሟቹ ወንድም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በረንዳዬ ድረስ መጣ። በሰላምታ ነው የጀመረው።

«ለወንድሜ ቤት አንበር ሸጠሃል?»

«ሸጫለሁ። ለወንድምህ።»

«በቃ፣ የጻፍነው ይኼንኑ ነው። ጣትህን አሳርፍ።»

አንደኛው ሽማግሌ «አንብብለት እንጂ» አለው።

«ምን ገዶኝ፣ አባባ!» አለና ወረቀቱን ዘርግቶ «ለሟቹ ቤት አንበር መሸጤን አምናለሁ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሽማግሌዎቹም እንደኔው ፊደል አይለዩም። ሽቶ ነጋዴ የሸጠውን ሸጥኩ ቢል ምን ነውር አለው? ብዬ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። የምኮራበት አፍንጫዬ ያን ቀን ምንም አልሸተተውም።

በጁምዓው፣ ሰዉ ሰግዶ ሲወጣ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሌሉበት፣ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ቆሞ ወረቀቱን አነበበው። በዚህኛው ጊዜ የተጻፈውን አነበበ።

በሳምንቱ ሳጥኔ ፊት የሚቆም ጠፋ። የማያውቁኝ ጎረምሶች «ባል ለሞተባት በነፃ ነው አሉ!» እያሉ ያልፋሉ። ሃያ ዓመት ሚስክ የገዛኝ ሽማግሌ መንገድ ተሻግሮ ሄደ። «አብሽር፣ ይረሳል» ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ ሰው እንዳይሰማው። ሳጥኑን ሸጥኩና እህል መጋዘን ጥበቃ ገባሁ። መጋዘን የሚሸተው አይጥ ነው።

እሷ ላይ የሆነው ይብሳል። «የወንድሜን ልጆች ዒዳዋን ያረከሰች ሴት አታሳድጋቸውም» ብሎ ሁለቱንም ኮምቦልቻ ወሰዳቸው። ከፈለገች በኒካሕ ትምጣ አለ። ዒዳዋ በወጣ በሁለተኛው ወር ሄደች። ዒዳዋን አረከሰች ያለው ሰው ራሱ አገባት፤ ይኼን ማንም አልጠየቀውም።

ሆጤ አንድ ትምህርት ቤት ለጎልማሶች ፊደል ያስተምራሉ ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። አርባን አልፌ ነበር። አስተማሪያችን የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ገና ወጣት።

«ጋሼ፣ መማር የፈለጉት ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንዲት ወረቀት ላነብ።»

«ደብዳቤ ነው?»

«የፈረምኩት ነው።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ግን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ለብቻ አስተማረችኝ። ትምህርት ብርሃን ነው ይላሉ። ለእኔ ምስማር መንቀያ ነበር፤ ብርሃኑን የሚፈልግ ይፈልግ።

በሁለተኛው ዓመት ወረቀቱን ወደሚያስቀምጡት ሽማግሌ ሄድኩ፤ «አንብብለት እንጂ» ያሉት ናቸው።

«አባባ፣ ያቺን ወረቀት ያሳዩኝ።»

«ምን ትሠራልሃለች?»

«ላነባት።»

«አንተ?» ብለው ሳቁ። ከቁርኣናቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተደናቀፍኩ አነበብኩላቸው፤ «ባሏ የሞተባትን እገሊትን፣ ዒዳዋ ሳይወጣ፣ ቤቷ እየገባሁ አንበር እቀባት ነበር።»

ሳቃቸውን ተዉ። «አስተግፊሩላህ! በረንዳህ ላይ የተነበበልን ይኼ አይደለም፤ የመስጊዱ ወሬ የሰው ጭማሪ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ዋሽቷል እንበል። ሽታውስ? ሽታው ከየት መጣ?»

ሌላ ሰው ቀብቷት ይሆናል ብዬ እኔም በሆዴ ጠርጥሬያት አውቃለሁ። ይኼንንም ልጻፈው። ፈርጄባታለሁ።

ጥር በገባ በሳምንቱ ለመጋዘኑ ጉዳይ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መናኸሪያው ላይ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ሰው ያራግፋል። ቀትር ነው። አንዱ ወፍራም ካፖርት እንደለበሰ በላብ ተነክሮ ወርዶ ባጠገቤ አለፈ፤ ሽታው መታኝ። አንበር ነው። ከሥሩ የአሮጌ ቆዳ ሽታ አለበት። የአሰቡ የመጨረሻ ጠርሙስ። ቀና ብዬ ሳይ የሟቹ ወንድም ነው፤ የለበሰው የሟቹን ካፖርት ነው።

የመጋዘኑን ጉዳይ ተውኩት። ከዚያ በዚያው ሚኒባስ ደሴ ተመልሼ ሽማግሌው ዘንድ ገባሁና ያሸተትኩትን ነገርኳቸው።

አምስት ሽማግሌ ተሰየመ። የሟቹን ወንድም ጠሩት፣ ከነካፖርቱ ና አሉት። እሷና እናቷም መጡ፤ ጓዳ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ኮምቦልቻ የወረደችው ይኼን ካፖርት ደርባ እንደነበር እናቷ ከጓዳ መሰከረች። ካፖርቱ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ደሴ ነው፣ ብርድ ነው፣ አንዱም አልሸተተውም።

አንዱ ሽማግሌ «ይኼ የሚሸተው በግ በግ ነው» አለ። ሳቁ። እሱም ሳቀ።

«ማንደጃ ይምጣ» አልኩ።

ከሰሉ ተቀጣጥሎ መጣ። ካፖርቱን ወንበር ላይ ገልብጬ፣ ገበሩን ወደ እሳቱ አድርጌ፣ እንዳይነካው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጠበቅን። መጀመሪያ የሱፍ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ የላብ፣ ቀጥሎ እሱ። ክፍሉ ሞላ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ሟቹ ገባ እኮ!»

የሟቹ ወንድም ተነሣ። «እኔ በዚህ ላይ ሽቶ አልቀባሁም! ሳጥን ውስጥ የኖረ ነው፣ ለብርድ ነው የማወጣው!»

«እሷስ ምን ነበር ያለችህ?» አሉት። «ቁጭ በል።»

ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው «እታለም፣ ዒዳሽን ጠብቀሻል፤ በደል ደርሶብሻል። ምን ትያለሽ? ልቀቁኝ ካልሽ እናስለቅቅሻለን» አሏት።

ልቀቁኝ እንድትል ተመኘሁ፤ አልዋሽም።

«ምን እላለሁ፣ አባባ» አለች። «ከእሱም ወልጃለሁ። የሚጠባ ሕፃን ታቅፌ ወዴት እሄዳለሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፣ ልጆቼ ሲያድጉ ያንብቡት።»

በቃ ይኼን ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ እሱን ገሠጹት፣ አስማሉት፣ እግሬ ላይ አስወደቁት። እኔን «ዐውፍ በል፣ ይቅር በለው» አሉኝ። አምስት ሽማግሌ ተሰብስቦ ዐውፍ በል ሲል አልልም ማለት አይቻልም። አልኩ።

አሮጌው ወረቀት ተቀደደ። አዲሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲጽፈው እምቢ አልኩ። መጀመሪያ ዒዳዋን በንጽሕና መጠበቋን ጻፍኩ። ቀጥዬ እኔ እንዳልቀባኋት ጻፍኩ። ቀጥዬ ከልቤ ይቅር ማለቴን ጻፍኩ፤ ከሦስቱ ውሸቱ ይኼኛው ብቻ ነው። ከሥሩ ቀኑን አሰፈርኩ፦ ደሴ፣ ሐሙስ፣ ጥር 17 ቀን 1993 ዓ.ም.