ቀዩ ድልድይና ችቦ የያዘችው ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት ሸሕዲ ከተማ ፀጉሬን ልሠራ አንድ ፀጉር ቤት ስገባ፣ የቤቱ ባለቤት ግድግዳ የሚያክል የፕላስቲክ ሥዕል ስትሰቅል ደረስኩ። የኒውዮርክ ፎቆች ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይሸት ጀመር። ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። መተማ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

የሠፈራችን ፎቶ አንሺ ከካርቱም ያስመጣቸው፣ ከተነሺው ጀርባ የሚሰቀሉ አራት ባለ ሥዕል መጋረጃዎች ነበሩት፤ አራቱም የአሜሪካ ከተሞች። እኔና ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ጎራ እያልን ከተሞቹን በፎቆቻቸው መለየት እንወዳደር ነበር። ፎቶ አንሺው ይስቅብናል። «ሰው የሚያውቀው ኒውዮርክን ነው፤ ችቦ የያዘችዋን ሴትዮ ካየ በቃው። ሳንፍራንሲስኮን ደግሞ በቀዩ ድልድይ። ቺካጎን ስሰቅልማ ‹ዱባይ ነው?› ይሉኛል» ይለን ነበር። እኔ ቺካጎንም ለይቼ አውቅ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝም እፈልግ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት የጎጃም ሴት ተከራይታ ትኖር ነበር። ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ልታበስል ወርዳ በዚያው የቀረች ናት። ታናሽ ወንድሟ በገላባት በኩል ሱዳን ተሻግሮ ሁለት ዓመት ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን ፎቶው ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲተላለፍ ቆይቶ እጇ ገባ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል፤ ከጀርባው ፎቅ በፎቅ ነው። «አሜሪካ ገብቷል» አለ ያየው ሁሉ። እሷም አመነች። ከዚያ ወዲህ ወጥ ስትሠራ ታንጎራጉር ጀመር።

እኔ ገና እንዳየሁት ገብቶኛል። ቀዩ ድልድይና ችቦ የያዘችው ሴትዮ አንድ ፎቶ ላይ ነበሩ። ግን ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን ይህችው ተከራያችን ከአንድ ጎረምሳ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆሜ አየችኝና ለእናቴ ነገረችብኝ። እናቴ በጫማ ደበደበችኝ፤ ፎቶ ቤት እንዳልደርስም ከለከለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታዬ ሌላ ሆነ፤ የሚመች ቀን እጠብቅ ነበር።

ቀኑ በጥቅምት መጣ። ለአጨዳ የወረዱ ሦስት የአገሯ ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። ግቢያችን ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንጀራ ቢቀርብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ብዙም አልበሉ። ድካም መስሎን ነበር። እሷ ፎቶውን አምጥታ ስታሳያቸው ግን የትልቁ ሰውዬ ፊት በራ።

«ይሄ መቼ መጣ?» አላት።

«ባለፈው ወር።»

«እሰይ። ተመስገን» አለና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

እሷ ወደኔ ዞረች። «ነይማ አንቺ የተማርሽው። የከተማውን ስም ንገሪያቸው፣ ለእናቴ ይንገሩልኝ።»

ፎቶውን ተቀብዬ ጊዜ ወስጄ አየሁት።

«ከተማ አይደለም» አልኩ። «ድልድዩ ያለው ሳንፍራንሲስኮ ነው፤ ሴትዮዋ ያለችው ኒውዮርክ። የአገሩ ዳርና ዳር ናቸው፣ አንድ ላይ አይታዩም። የፎቶ ቤት መጋረጃ ነው። ይኸው እግሩ ሥር ተጨማዷል። ወንድምሽ አሜሪካን በዓይኑ አላያትም።»

ይህን ስል ፈገግ ብዬ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ እንኳ ያ ፈገግታ ከንፈሬ ላይ ይሰማኛል።

የጠበቅሁት እንድታፍር ነበር። ትልቁ ሰውዬ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። «እንግዲያው የሰማነው እውነት ነዋ» አለ።

ለካስ የመጡት ለመርዶ ኖሯል። ወንድሟ አምና ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወዲያ፣ አንድ እርሻ ላይ፣ በወባ መሞቱን ከተመላሾች ሰምተዋል። ጎረቤት ሰብስበው እንደ ወጉ በማለዳ ሊነግሯት አስበው ነበር። ፎቶውን ሲያዩ ደግሞ ወሬው ውሸት መሰላቸውና ነፍሳቸው መለስ አለች። ከዚያ እኔ ተናገርኩ።

እሷ እነሱን አላየችም። የምታየው እኔን ነበር።

«ተሳስተሽ ይሆናል» አለችኝ፣ በልመና ድምፅ። «እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ደግሜ አየሁት። ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቁ ነበር። ቢያንስ እስኪነጋ ድረስ ልዋሽላት እችል ነበር።

«አልተሳሳትኩም» አልኩ።

ከዚያ ስለተሰማው ጩኸት አላወራም።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሲያበቃ ወደ እናቷ ልትሄድ ተነሣች። ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አልከለከለችኝም። መንገድ ላይ ይቅርታ ልላት ባሰብኩ ቁጥር ሻንጣውን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው አዛውር ነበር። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ብቅ አለች። የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር።

«በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው» አለችኝ። «ዶሮ እንዳይበትነው ለእናትሽ ንገሪያት።»

ቤት ተመልሼ እሷ ያሰጣችውን በርበሬ በእጄ እየሰበሰብኩ ሳለ እናቴ ወጣችና ምን እንደሚያስለቅሰኝ ጠየቀችኝ።

«በርበሬው ነው» አልኳት።