ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ

ወረዳችን ዘመናዊ ሆነ የተባለው ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል ነው። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተደጋግፈን የኖርን የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበርን። ድሮ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ሞንታርቦ የጫነች መኪና እየዞረች ትጮኽብናለች። አሁን ግን የወረዳው ኮሙኒኬሽን ክፍል ቴሌግራም ከፈተና ሁሉም ነገር እዚያ ገባ። የእኛ ግቢ ሰው ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው። በቃ፣ ማን ይየው?

ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ልጅም ዘመድም የላቸውም። አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ገላቸውን የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ምትክ ቤት ሊሰጠን ነው ሲባል የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የትም ይውሰዱኝ፣ ብቻ ከአንቺ አይነጥሉኝ።»

ወረዳው የቤት ምደባ ስብሰባ ይኖራል፣ እዚያ በአካል የተገኘ ሰው ከመረጠው ጎረቤት ጋር ይመደባል፣ የቀረ ግን የተረፈው ይደርሰዋል ብሎን ነበር። ቀኑን በኋላ እናሳውቃለን አሉ። ጠበቅን። ለካ ቀኑን ቴሌግራም ላይ አውጥተውት ኖሯል። ማንም እንዳላየው ሲገባቸው፣ ስብሰባው በሚደረግበት ዕለት ጎህ ሲቀድ የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ አሰማሩት።

አይ የቢሮ ሰው! እኛ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው ለሞት ነው። ድምፁን የሰማ ቃሉን አይጠብቅም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። በጠና የታመመው ማን እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ እሳቸው ናቸው አልኩ፤ ማታ ውሃ እንኳ በግድ ነበር የወሰዱት። ስወጣ በራቸው ላይ ለቅሶው ቀልጧል፣ እኔም «እናቴ» እያልኩ ገባሁበት።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን እንደ እኛው አዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተብን?» አሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ያማተበ አማተበ፣ እግራቸው ላይ የወደቀ ወደቀ። አንዷ ሳቋን መግታት አቅቷት ግድግዳ ያዘች። ማንም ሊሄድ አልፈለገም፤ ሻይ ተፈላ፣ በሕይወት መኖራቸውን እየነካካን ስናረጋግጥ ረፈደ። ጥሩምባ ነፊው ታችኛውን ሰፈር አዳርሶ ሲመለስ እኛን አይቶ ቆመ።

«እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ስብሰባ ነው እኮ ያልኩት።»

ሮጥን። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። የኮሙኒኬሽኑ ልጅ ስልኩን አወጣና አሳየኝ።

«እናቴ፣ በቴሌግራም ለቀናል፣ በጥሩምባም አስነግረናል። ማለቴ፣ ከዚህ በላይ መረጃ እንዴት ይሰጣል?»

እትዬ የቀሩት ታመው እንጂ ንቀው እንዳልሆነ ነገርኩት፣ ለመንኩት፣ ተሳደብኩም። ምደባው አልቋል አለኝ። ለእኔ የከተማው አንዱ ጫፍ ደረሰኝ፣ ለእሳቸው ሌላው ጫፍ፣ ማንንም በማያውቁበት።

በሚሄዱበት ዕለት ዕቃቸው ተጭኖ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥናቸው። እንባዬ አልቆም ሲለኝ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

«ተይ በቃ። ስሞት ማንም ባይነግርሽ እንኳ አትጨነቂ» አሉኝ። «የአንቺን ለቅሶ እኔ በቁሜ ሰምቼዋለሁ።»